ከፊት አንበሳ፣ ከኋላ ጥንቸል!

 

እዚህች አምድ ላይ ያልተነሳ ጉድ የለም። ቀናተኛው ባል፣ ነገረኛዋ አማት፣ ለሠርግ ተበድሮ በዕዳው ከሙሽሪት ጋር የተኳረፈው ሙሽራ... ሁሉንም ስናነሳ ስንጥል ከርመናል። የዛሬው ባለጉዳይ ግን አራት እግር አለው። ጅራትም አለው። ችግሩ ያለው ደግሞ ከአራቱ እግሮች በሁለቱ ላይ፣ ያውም ከኋላ በኩል ነው።

«እንዴ! ሰው በኑሮ ውድነት ወገቡ ተቆርጦ አንተ የውሻ ወገብ ታወራለህ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ኧረ ቆይ፣ አትፍረዱብኝ! አንደኛ ነገር፣ ሌሊት እግራችንን ዘርግተን የምንተኛው በማን ጥበቃ እንደሆነ እናውቃለን። ሁለተኛ ነገር፣ ይህ የውሻ ታፋ ጉዳይ ባልና ሚስትን፣ አጎትና የወንድም ልጅን ሊያለያይ ደርሷል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ያ ሲጮህለት የኖረው ቤት በተራው የሚጮህለት ሰው ሲያጣ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ደብዳቤውን የጻፉልኝ የአንድ ልጅ እናት ናቸው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ። ባለቤቴ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ልጃችን ገና ሲድህ፣ 'እኔ በሌለሁበት ይጠብቃችኋል' ብሎ ቡችላ አመጣልን። የፈረንጅና የሐበሻ ክልስ ነው። እውነትም ጠበቀን። ሁለት ጊዜ ሌባ አባሯል። አሁን ግን ከአምስት ወር ወዲህ ከኋላው ከሳብኝ። ደረቱ እንዳለ ነው፤ ከወገቡ በታች ግን አጥንቱ ይቆጠራል። ሲነሳ ያቃስታል፣ ሲሄድ ይንገዳገዳል። ጎረቤቶቼ 'አብዷል፣ ልጅ ሳይነክስ አስወግጂው' ይሉኛል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ በሥጋ አድርገው መርዝ ሊሰጡት ቀን ቆርጠዋል። ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ ብርድ ልብሱን ይዞ ደጅ ከውሻው ጋር ካላደርኩ እያለ ያስቸግረኛል። አጎቱንም ሰላም አይላቸውም። ባለቤቴን በስልክ ብጠይቀው 'ወንድሜ ያለሽን አድርጊ' አለኝ። እኔ ማንን ልስማ?»

እኔ የውሻ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዤ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንስሳት ሲያክሙ የኖሩ አንድ አዛውንት ዶክተር ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ስለ ውሻው የተጻፈው ሦስት መስመር ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ሰዎቹ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ከሦስቱ መስመሮች አንዷ ግን ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች፤ 'አምስት ወር' የምትለዋ» አሉ።

አብዷል ወይስ ታሟል?

ከእብደቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም ሰፈሩን ያስፈራው እሱ ነው። ሰፈሩ መፍራቱም ስህተት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በሀገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ የውሻን የኋላ እግርም ሊያሰንፍ ይችላል። ነገር ግን ይህ በሽታ ወራት አይሰጥም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ውሻው በቀናት ውስጥ ነው የሚሞተው። ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ተዘግቶበት የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። አምስት ወር ሙሉ ቀስ በቀስ የከሳ፣ ምግቡን የሚበላ፣ ጌታውን የሚያውቅ ውሻ ያመመው ሌላ ነገር ነው።

የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ነው፦ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ የኋላ እግሩ የከዳው፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ለሐጩ የተዝረከረከ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ፀባዩ የተለወጠበት። እንዲህ ያለውን ውሻ አትጠጉት! በተለይ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ። በር ዘግታችሁበት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። የባህል መድኃኒት የክትባቱን ቦታ አይተካም።

ሥጋው የት ሄደ?

ዶክተሩ እንዲህ አሉኝ፦ «ጡንቻ እንደ ገንዘብ አይደለም። ያላወጣኸው ገንዘብ ይቀመጥልሃል፤ ያልሠራህበት ጡንቻ ግን ይጠፋብሃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት እግሮቹ፣ 40 በመቶውን በኋላ እግሮቹ ይሸከማል። የኋላው ሲያመው ምን ያደርጋል? እኛ እግራችንን ሲያመን ወደ ደህናው እግር እንደምናዘነብለው ሁሉ እሱም ሸክሙን ወደ ፊት ያሻግራል። ደረቱና ትከሻው ሥራ ስለበዛባቸው ይፈረጥማሉ። ታፋው ሥራ ስለፈታ ይመነምናል። ከፊት ስታዩት አንበሳ፣ ከኋላ ስታዩት ጥንቸል! «እየበላ ለምን ይከሳል?» እያላችሁ የምትገረሙት ለዚህ ነው። የከሳው ስላልበላ ሳይሆን እግሩን ስላልተጠቀመበት ነው።

ክፋቱ ደግሞ እዚህ አያቆምም። መገጣጠሚያን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲሳሳ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ሲላላ ሕመሙ ይብሳል፤ ሕመሙ ሲብስ ውሻው ይበልጥ ይተኛል፤ ሲተኛ ጡንቻው ይበልጥ ይሳሳል። አዙሪት ነው። ታዲያ አዙሪቱን የጀመረው ምንድን ነው? ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ዳሌ። የውሻ ዳሌ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ የጭኑ አጥንት ራስ ድቡልቡል ሆኖ ዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ውሻ እያደገ ሲሄድ ሙቀጫው በደንብ ሳይጎደጉድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ዘነዘናው ሲንሸራተት፣ ሲፋጭ ይኖርና በመጨረሻ የመገጣጠሚያ ብግነት ያመጣል። ይህ ችግር በውሾች ላይ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካን ሀገር ነው። በዘር የሚተላለፍ በመሆኑም በ1966 እዚያው አሜሪካ የውሾችን ዳሌ በራጅ እያየ የሚመዘግብ ድርጅት ተቋቁሟል። ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር ይበዛባቸዋል፤ ክልሶቻቸውም አያመልጡም። ምልክቱ፦ ጠዋት ሲነሳ መቸገር፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ አድርጎ እንደ ጥንቸል መዝለል፣ ደረጃ መፍራት።

ሁለተኛ፣ ጉልበት። ጉልበት ውስጥ ያለችው ጅማት ስትበጠስ ውሻው አንዱን እግር ጫፉን ብቻ እያስነካ ያነክሳል። ሲቀመጥ ያንን እግር ወደ ጎን ይጥለዋል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የዚያ ወገን ታፋ ከሌላው ሲያንስ በዓይን ይታያል። አንዱን ከበጠሱት ውስጥ ብዙዎቹ ውለው አድረው ሁለተኛውንም ስለሚበጥሱ «ሦስት እግር አለው፣ ይበቃዋል» ማለት አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ አከርካሪና ነርቭ። ከአንጎል ወደ እግር የሚሄደው መልእክት መንገድ ላይ ሲቋረጥ ጡንቻው ይሰንፋል፣ ይመነምናል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ክፍል ተንሸራቶ ሕብለ ሰረሰሩን ሲጫነው ውሻው ጀርባውን አጉብጦ ይጮኻል። ሌላ ደግሞ ምንም ሕመም የሌለበት፣ ሕብለ ሰረሰሩን ቀስ እያለ የሚበላ በሽታ አለ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ውሾች፣ ከሁሉም በላይ ጀርመን ሼፐርድን ያጠቃል። እግሩን ይጎትታል፣ የኋላ ጥፍሮቹ ከላይ በኩል ይበላሉ፣ ሲቆም እግሮቹ ይጠላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር የተያያዘውን የዘር ጉድለት አግኝተውታል። ፈዋሽ መድኃኒት ግን የለውም።

አራተኛ፣ የመላ ሰውነት ችግር። የሆድ ትል፣ የኩላሊት በሽታ፣ ስኳር፣ እርጅና። ሆዱ ተነፍቶ ታፋው የከሳ፣ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ውሻ ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ከሆርሞን ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

በእጃችሁ መርምሩት

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ የምትሠሩት ሥራ አለ። ውሻው የሚያምናችሁ፣ የማይናከስ መሆን አለበት፤ የሚያመው ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል ጥርሱን ካሳየ ተዉት።

ውሻውን አስቁማችሁ ከኋላው ተቀመጡ። ሁለቱን እጆቻችሁን በአንድ ጊዜ በሁለቱ ታፋዎች ላይ አድርጉና ጨበጥ አድርጉ። እኩል ናቸው? አንዱ ከሳሳ ጉልበት ወይም ዳሌ አስቡ። ሁለቱም ከሳሱ ዳሌ፣ አከርካሪ ወይም ዕድሜ አስቡ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና የታፋውን ዙሪያ ለኩ። ቦታውን እንዳትስቱት ከብሽሽቱ ጀምራችሁ ለኩ፤ ሁልጊዜም እዚያችው ላይ። በደብተር ጻፉት። በየሁለት ሳምንቱ መልሳችሁ ለኩ። «የከሳ ይመስለኛል» ከማለት «በሁለት ሳምንት አንድ ሳንቲም ቀነሰ» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ይቺ ናት። ውሻው ቆሞ ሳለ ሆዱን በአንድ እጃችሁ ደገፍ አድርጉና አንዱን የኋላ መዳፍ ገልብጡት፤ የእግሩ ጀርባ መሬት እንዲነካ ማለት ነው። ጤነኛ ውሻ ወዲያው መልሶ ያስተካክለዋል። ገልብጣችሁት እንደተገለበጠ የሚቆም ከሆነ «እግሬ የት እንዳለ አላውቅም» እያላችሁ ነው። ያ የነርቭ ምልክት ነው፤ ሳትዘገዩ ሐኪም አሳዩት።

ትናንት ደህና የነበረ ውሻ ዛሬ የኋላ እግሩን ጨርሶ መሳብ ከጀመረ ግን መለካቱም ማሻሸቱም ይቅር። በሳንቃ ወይም በጠንካራ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታችሁ፣ ሳታንገላቱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ከላይ የነገርኳችሁን የእብደት ምልክት ካያችሁበት ደግሞ ማንሳቱም አይሞከርም።

የእኛን ክኒን ተዉለት

አሁን ደግሞ የሚያስቆጣኝ ነገር። ብዙ ሰው ውሻው ሲያቃስት ቤት ያለውን የሕመም ማስታገሻ በሥጋ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። በደግነት ነው፤ ግን ደግነት ሆድ አይጠግንም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ያበላሻሉ። ፓራሲታሞልም ልኩ ሲያልፍ ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል፤ ድመትማ አንዲት እንክብል ትገድላታለች። ለውሻ የተሠሩ የመገጣጠሚያ ማስታገሻዎች አሉ፤ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ይባላሉ። እነሱንም ሐኪሙ ውሻውን መዝኖ ነው የሚያዝዛቸው። አንዱ ሐኪም ስቴሮይድ ሰጥቶት ከሆነ ለሁለተኛው ሐኪም መናገር አትርሱ። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲገቡ ጨጓራ ሊበሳ ይችላል።

ሳህኑን እንየው

የግቢ ውሻችን ምን ይበላል? እንጀራና የወጥ ትራፊ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሳይነገረው 55 ቀን አብሮን ይጾማል! እኛ ለነፍሳችን ነው፤ እሱ ለምኑ ነው? ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። የታመመ ታፋ እየጠገነ ያለ ውሻ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም የተቀቀለ የሆድ ዕቃ ያስፈልገዋል። ከሥጋ ቤት የምታመጡትን ሳንባና ጉበት አብስላችሁ ስጡት። ጥሬው ውስጥ ያለው የትል እጭ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በእዳሪው በኩል ወደ ሰው ይዞራል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ውሃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል።

ወጡንስ? ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ወጥ አይደለም። ስለዚህ ሥጋውን ከመቁላታችሁ በፊት ለእሱ የሚሆነውን ቀንሳችሁ ለብቻው ቀቅሉለት። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አትስጡት።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚወፍር ውሻ አለ። «አሳዘነኝ» እየተባለ ዳቦ በዳቦ የተደረገ ውሻ የታመመ ዳሌው ላይ ጆንያ ተሸክሟል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ነበር የሚሰጣቸው። እነዚያ ቀጠን ያሉት የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ዘግይቶ መጣ፤ ዕድሜያቸውም ወደ ሁለት ዓመት በሚጠጋ ረዘመ። ልኩ ምንድን ነው? የጎን አጥንቱ ለዓይን ሳይታይ በእጅ ሲዳሰስ መገኘት አለበት።

ሰንሰለቱን አላሉት

ዶክተሩን «ታዲያ ታፋው ይመለሳል?» አልኳቸው። «እንደ ምክንያቱ ነው» አሉኝ። «ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ታፋ ከየት ያመጣል? አንተን ወንበር ላይ አንድ ዓመት ባስርህ ትሮጥ ነበር?»

ሐኪሙ ስብራትም የጅማት መበጠስም፣ የአከርካሪ መጫንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሥራው እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ፣ ሰንሰለቱን ግቢው ላይ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት አድርጉት። ውሻው እንደታሰረም ቢሆን ይመላለሳል።

ቀጥሎ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ማንሸራሸር። መሮጥ የለም። ሲሮጥ በሦስት እግሩ ይሸውዳችኋል፤ ቀስ ሲል ግን አራቱንም መርገጥ ግድ ይሆንበታል። በየሳምንቱ ትንሽ ጨምሩ። በማግስቱ ካነከሰ ቀንሱ። ሲለምድ ለዘብ ያለ ዳገት ጨምሩበት፤ ዳገት የኋላ እግርን ነው የሚያሠራው። ዳገት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በነፃ ነው!

ሦስተኛ፣ ቁጭ ብድግ። ቁራሽ ሥጋ አሳይታችሁ «ተቀመጥ፣ ተነስ» እያላችሁ አምስት ጊዜ። አራተኛ፣ አራት የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ በእርምጃ ልዩነት አጋድማችሁ በላያቸው ማራመድ። እግሩን ማንሳት ይማራል።

ወለሉንም እዩት። ሴራሚክና የተወለወለ ሲሚንቶ ለደካማ እግር በረዶ ማለት ነው። ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ አንጥፉለት። ማደሪያው ከሲሚንቶ ከፍ ያለ፣ ደረቅ ይሁን። ብርድ ሲሆን ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ዳሌው ላይ አሥር ደቂቃ አኑሩለት። መነሳት ካቃተው አሮጌ ነጠላ አጣጥፋችሁ ከታፋዎቹ ፊት በሆዱ ሥር አሳልፉና ከላይ ይዛችሁ ደግፉት።

ፈዋሽ የሌለው ያ የሕብለ ሰረሰር በሽታ ቢሆን እንኳ ልፋቱ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በ22 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። በየቀኑ ብዙ እንቅስቃሴ የተሠራላቸው በአማካይ 255 ቀን ኖሩ፤ መጠነኛ የተሠራላቸው 130 ቀን፤ ምንም ያልተሠራላቸው ግን 55 ቀን ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ግን 55ና 255 ቁጥራቸው ቢመሳሰልም ለአንድ ልጅና ለውሻው አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ እርስዎ፣ እህቴ

ከሁሉ በፊት መርዙን ያስቁሙ። ሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። የጎረቤት ውሻ፣ ድመት፣ አሞራ ሊበላው ይችላል። ግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃንም አለ። ሞቱም ቀላል አይደለም፤ እየተንፈራገጠ፣ ልጅዎ እያየው ነው የሚሞተው። ልጁ ይህንን አይረሳም። ማን እንዳደረገውም አይረሳም።

የባለቤትዎን ታላቅ ወንድም ግን አይጋፏቸው። ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ የወንድማቸውን ልጅ ከንክሻ ሊያድኑ ነው የተነሱት። ስለዚህ ፈራጅ ከሚሆኑብዎ ረዳት ያድርጓቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልያዙልኝ ውሻውን ሐኪም ዘንድ የሚወስድልኝ የለም» ይበሏቸው። ዶክተሩ ፊት ቆመው በጆሯቸው ከሰሙ በኋላ ነገሩን የሚያስረዱልዎ እሳቸው ይሆናሉ። አዲስ አበባ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ከበድ ያለ ከሆነ ደግሞ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። እዚያው የእብድ ውሻ ክትባቱን ያስከትቡትና ወረቀቱን ይቀበሉ። ለጎረቤት «አላበደም» ብሎ ከመማል ወረቀት ማሳየት ይሻላል። እስከዚያው የግቢው በር ይዘጋ፣ የጎረቤት ልጆችም አይጠጉት።

ባለቤትዎን «ወንድምህ ምን አለ?» ብለው አይጠይቁት። «ያመጣኸው አንተ ነህ፤ አንተ ምን ትላለህ?» ይበሉት። እሱ የሌለበትን ቤት ዘጠኝ ዓመት የጠበቀለት ውሻ የገዛ ጌታውን አንድ ቃል ቢያገኝ አይበዛበትም።

ለልጅዎ ደግሞ ሥራ ይስጡት። ሜትሩን እሱ ይያዝ፣ ደብተሩን እሱ ይጻፍ፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው የአምስት ደቂቃዋን ሽርሽር እሱ ያድርግ። ደጅ ማደሩ ይቅር፤ ቀን የሚረዳው ልጅ ማታ እንቅልፍ ይወስደዋል። ውሸት ግን አይንገሩት። «ይድናል» አይበሉት፤ «እንሞክራለን» ይበሉት።

ሁሉንም ሰብስበው ስድስት ሳምንት ይለምኑ። ታፋ በአንድ ሳምንት አይመለስም፤ በስድስት ሳምንት ግን ሜትሩ አንድ ነገር ይናገራል። ጨምሮ ከሆነ ይቀጥሉ። እንዳለ ከሆነም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተደግፎም መቆም ካቃተው፣ በሽንቱ ላይ ከተኛ፣ ቁስል ካወጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ሕመሙ በመድኃኒት ካልበረደ፣ ያኔ ማቆየቱ ለእሱ ሳይሆን ለእኛ ነው። ሐኪሙ በመርፌ አስተኝቶ፣ ሳያሰቃይ ይገላግለዋል። ልጁም ቀድሞ ይነገረው፤ ራሱን አሻሽቶ ይሰናበተው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባዶ ሰንሰለት እንዳያገኝ።

ለሌሎቻችሁም

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሏል። ይህ በሽታ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ጠጉር ሥር ተደብቆ ነው የሚመጣው። ጠጉራም ውሻ ታፋው ግማሽ እስኪሆን በዓይን አይታወቅም። እጅ ግን አይሸወድም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ምግቡን ስትሰጡት ጎንበስ በሉና ሁለቱን ታፋዎቹን ዳሰስ አድርጓቸው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ወጪም የለውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ለመድነው ወደ ሰው ጉድ እንመለሳለን። አንዲት አንባቢ «እጮኛዬ የደመወዙን መጠን አልነግርም አለኝ» ብላ ጽፋልኛለች። ምን ትመክሯታላችሁ? እስከዚያው ጻፉልኝ። ቸር ይግጠመን!